ለሹል ጭራዎቹ የቀቀልኩት ስንዴ

በደቡብ በኩል ባለ የፈረንጅ አገር፣ ፖይንት ኩክ የሚባል ቦታ ያለው ቤታችን የሰፈሩ መጨረሻ ላይ ነው። ከጓሯችን ቀጥሎ አጥር አለ፤ ከአጥሩ ቀጥሎ የእግረኛ መንገድ፤ ከዚያ ረግረግ፤ ከረግረጉ ወዲያ ባሕር። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ሽታውን ጠልቼው ነበር። ጭቃው ፀሐይ ሲያገኘው የከረመ እንቁላል ይሸታል። ልጄ፣ “እማዬ፣ ሰው እኮ ለዚህ አየር ብሎ ነው እዚህ የሚመጣው” ስትለኝ፣ “እንግዲያው ይምጣና ይውሰደው፤ ለእኔ መስኮቱን ዝጊልኝ” እላት ነበር።

ወደ ረግረጉ የወሰደኝ ስኳሬ ነው። ሐኪሙ በየቀኑ መራመድ አለብሽ አለኝ። እኔ ደግሞ ያለ ጉዳይ መዞር አላውቅበትም። አዲስ አበባ ሳለሁ የሰፈራችንን የቦኖ ውሃ የማስቀዳው እኔ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ፣ ጀሪካን በተራ አሰልፌ፣ ተራ የዘለለውን በእግሬ ወደ ኋላ እየመለስኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት እንኳ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ተራ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

እናም ጠዋት ጠዋት ነጠላዬን ተከናንቤ፣ በላዩ የልጄን ወፍራም ጃኬት ደርቤ እወጣለሁ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ላይ የማገኘው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር፣ ጉልበቱ የታመመ፣ ባለአራት ጎማ፣ መቀመጫ ያለው መደገፊያ፣ ዎከር የሚሉትን፣ በሁለት እጁ እየገፋ የሚሄድ ፈረንጅ። ከጎኑ እንደሱ ያረጀ ቡናማ ውሻ አለው። ሽማግሌው እጁን ከዎከሩ ሳያነሳ በአገጩ ሰላም ይለኛል። እኔም በአገጬ እመልሳለሁ። ውሻውን ግን አልወደውም ነበር። አንድ ቀን ከኩሬ ወጥቶ አጠገቤ ሲራገፍ ነጠላዬን በጭቃ ረጭቶት፣ ለኪዳን ያዘጋጀሁት ነጠላ ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ። ይህንን በሆዴ ይዤው ነበር። አሁን የምናገረው ያኔ ስላልተናገርኩት ነው።

በዚያ ዓመት በሰኔ አንዲት ልጅ እኛ ቤት ክፍል ተከራይታ ገባች። ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣች፣ ሃያ ስምንት ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ብርድ የማትፈራ። የምትማረው ስለ ወፍ ነው።

“የወፍ ሐኪም ልትሆኚ ነው?” አልኳት የመጀመሪያው ቀን።

“የለም እትዬ፣ እኔ የማደርገው መቁጠር ነው።”

“ለመቁጠር ዶክተርነት?”

“መቁጠሩ ቀላል ነው። ስንት ጎደለ፣ ለምን ጎደለ ሲባል ነው ዶክተርነቱ የሚመጣው።”

መልሷን ወደድኩት። ውሃ ሳስቀዳ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የጎደለ ነገር ከየት እንደጎደለ የሚጠይቅ ሰው ያስደስተኛል።

ራት ላይ ስለ ወፎቹ አገር ትነግረኛለች። እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት በነበረው ዓመት ከአስተማሪዋ ጋር አላስካ ሄዳ የዚያን አገር አጭር በጋ እዚያ ሠርታለች። ምዕራቡ ጠረፍ ላይ፣ ትልልቅ ወንዞች ወደ ባሕር የሚገቡበት፣ መንግሥት ለወፍና ለአውሬ ከልሎ የተወው ረግረግ አለ። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ቁጥቋጦውም ከጉልበት ብዙ አያልፍም። ከአውሮፕላን ሲያዩት የተሰበረ መስታወት ሜዳ ላይ የተደፋ ይመስላል አለችኝ፤ ከኩሬው ብዛት።

“ያን ያህል ይዘንባል?”

“ዝናቡስ የአዲስ አበባን አያህልም። ውሃው መሄጃ ስለሌለው ነው። ከላይ ክንድ የምታህል አፈር በበጋ ትቀልጣለች። ከሥሯ ያለው መሬት ግን ከዓመት እስከ ዓመት በረዶ ነው። ውሃው ወደ ታች አይሰርግም።”

“እንደ ሲሚንቶ ወለል።”

“እንደሱ። አሁን አሁን ግን ወለሉ እየሟሟ ነው። አንዳንድ ኩሬ ዛሬ አለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሲሄዱ ደርቆ ያገኙታል። ቤቶቹም መሬቱ ከሥራቸው እየሰመጠ ይዘማሉ።”

ክረምቱ ረጅም ነው አለች፤ ወንዙ በረዶ ሆኖ እንደ መንገድ ይጠነክራል፣ ሰው በላዩ ይነዳል። በጋው ሲመጣ ደግሞ ፀሐይ ገብታም ብርሃኑ አይጠፋም፤ እንቅልፍ ለመተኛት ዓይኗን በሻርፕ ታስር ነበር። ዝዩ፣ አንገተ ረጅሙ ነጭ ስዋን፣ ቀበሮው፣ ሙዝ የሚሉት በሬ የሚያህል አጋዘን፣ ሁሉም በዚያች አጭር ጊዜ ወልዶ አሳድጎ ለመጨረስ ይራወጣል። ሰው በሚራብበት ዘመን ሰብል እንደሚሰበስብ ነው። የአገሩ ሰዎች ጥንትም እዚያው የነበሩ ናቸው፣ ዓሣና ወፍ ይበላሉ፣ ፍሬ ይለቅማሉ። አንዲት አሮጊት፣ “በልጅነቴ በእግሬ የምሻገረውን በረዶ ዛሬ በዚያው ወር አላምነውም” ብላታለች። ባሕሩም ቀድሞ በበረዶ ይታጠር ነበር፤ አሁን በረዶው ሲዘገይ ማዕበሉ እየገባ ጨዋማ ውሃ ኩሬዎቹ ላይ ይደፋል።

“ትንኙስ?” አልኳት፤ በፎቶው ላይ ሁሉም ሰው ፊቱን በመረብ ሸፍኗል።

“ጭስ በሉት። ለመጉረስ መረቡን ከፍ ሲያደርጉ አንድ ጉርሻ ከአሥር ትንኝ ጋር ይገባል።”

“ጾሙንስ እንዴት አደረግሽ?”

“እዚያ ጾም የለም እትዬ፤ ትንኙ አይፈቅድም።”

አንድ ነገር ደግሞ ነገረችኝ። ድንኳን ተክለው በሠሩበት ሰፈር ፍርፋሪ መጣል ክልክል ነው። የዳቦ ቅንጣት፣ የሩዝ ፍሬ እንኳ ተለቅሞ በታሸገ ሣጥን ይገባል። እኔ ይህንን ስሰማ ፈረንጅ ሲነፍግ ሕግ ያወጣል ብዬ በልቤ ሳቅኩ። ምክንያቱን አልጠየቅኳትም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የሹል ጭራዎቹ ነገር ነው። እዚህ እኛ ረግረግ ላይ የሚመጡት ትናንሽ ግራጫ ወፎች ናቸው፤ ከድንቢጥ ይበልጣሉ፣ ከእርግብ ያንሳሉ፣ ምንቃራቸው ቀጭን፣ ጭራቸው ሾል ያለ። የሚፈለፈሉት ሳይቤሪያ ነው። ጫጩቶቹ ገና ክንፋቸው ሳይጠና እናትና አባት ጥለዋቸው ወደዚህ ይመጣሉ። ጫጩቶቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። ካደጉ በኋላም ቀጥ ብለው በመምጣት ፈንታ ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ወደዚያ የአላስካ ረግረግ ይሄዳሉ፤ እዚያ በልተው በልተው፣ ሰብተው፣ ከዚያ ውቅያኖሱን አቋርጠው ወደ እኛ ይመጣሉ። መንገዱን ያሳያቸው የለም።

“ይሄ ግፍ ነው” አልኳት። “የወለደ ጥሎ ይሄዳል?”

“አንዳንድ ሰዎች እንደሚሉት ወላጆቹ ቀድመው የሚሄዱት ያለውን ምግብ ለልጆቹ ለመተው ነው።”

“አንዳንድ ሰዎች ወላጆቹን ጠይቀዋቸዋል?”

“አልጠየቋቸውም እትዬ።”

“እንግዲያው ግፍ ነው።”

ያም ሆኖ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔም ልጄን ለእህቴ ትቼ ሁለት ዓመት አረብ አገር ሠርቻለሁ። ለምን እንደሄድኩ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት መቁጠር ጀመርኩ። ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ያሉበት የወፍ ቆጣሪዎች ቡድን አለ፤ እሷም ለትምህርቷ የሚያስፈልጋትን የምታገኘው ከእነሱ ጋር ነው። እሷ በሦስት እግር ላይ በቆመው መነጽር እያየች “አሥር” ስትል እኔ ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ እሰምራለሁ። ማዕበሉ ሲሞላ ወፎቹ ከጭቃው ተነሥተው ከመንገዱ አጠገብ ባለች ደለል ላይ ተጠጋግተው ያርፋሉ፤ የሚቆጠሩት ያኔ ነው። በነሐሴና በመስከረም የመጡት ትልልቆቹ ናቸው። በጥቅምት አጋማሽ ልጆቹ መጡ። አናታቸው ቀይ ዳማ፣ ደረታቸው እንደ ቀረፋ ሻይ። ልጅቷ በመነጽሩ አሳየችኝ። አንዱ በአንድ እግሩ ቆሞ ዓይኑን ይከድናል፣ ነፋስ ሲገፋው ይነቃል፣ ደግሞ ይከድናል።

ባሕር አቋርጦ የመጣ እንግዳ ደጄ ላይ ቆሞ ዝም ብዬ ልቆጥረው ነው?

በማግስቱ ስንዴ ቀቀልኩ። ምንቃራቸው ቀጭን ስለሆነ እስኪፈርስ አበሰልኩት። ጨው አልጨመርኩም፤ ባሕር ላይ የሰነበተ እንግዳ ጨው አይናፍቅም። ጎህ ሲቀድ በፌስታል ይዤ ሄጄ ደለሏ ዳር በተንኩት። ወፎቹ በርረው ራቁ፤ የማያውቁት ሰው ምግብ ሲያቀርብላቸው ያፍራሉ ብዬ ዞር አልኩ። በሚቀጥለው ጠዋት ስመጣ አንዲት ፍሬ የለችም። በልተዋል ማለት ነው። ደስ ብሎኝ በየቀኑ መውሰድ ጀመርኩ። ለማንም አልነገርኩም። ምጽዋት ሲሰጥ ቀኝ እጅ ያደረገውን ግራ እጅ አይወቅ ነው የተባለው፤ የማወራ ከሆነማ ለወፎቹ ሳይሆን ለራሴ አበላሁ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ሰረዞቼ አነሱ። አራተኛው ላይ ደለሏ ላይ ሹል ጭራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ልጅቷ መነጽሩን እያዞረች ብዙ ቆየች። ነጫጮቹ ሲጋሎች፣ እነዚያ ከሰው እጅ ቺፕስ የሚነጥቁት የባሕር ወፎች፣ ደለሏ ላይ ቆመው ይጮኻሉ። ቁራም ነበር። እኔ ግን ልቤ ወዲያው ሌላ ቦታ ሄደ።

“ውሻው ነው” አልኩ።

“የቱ ውሻ?”

“የሽማግሌው። ጭቃው ላይ ሲሮጥ፣ ወፎቹ ሁሉ ሲነሡ በዓይኔ አይቻለሁ።”

አይቻለሁ፤ ይህ ውሸት አይደለም። ያየሁት ግን አንድ ቀን ነው፣ ያውም በመስከረም። አንድ ቀን ያየሁትን የዘወትር አደረግኩት።

ቡድኑ በሰፈሩ አዳራሽ ሲሰበሰብ ከካውንስል፣ ማለትም ከሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ የመጣች ሴትም ነበረች። ሽማግሌውም መጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ዎከሩ ከፊቱ፣ ውሻው ከእግሩ ሥር። የቀረበው ሐሳብ ያ መንገድ ለውሻ ይዘጋ የሚል ነው። ሽማግሌው ተነሥቶ ተናገረ፤ ልጅቷ ቀስ ብላ ተረጎመችልኝ። ሌላው መንገድ ሁሉ ጠጠር ነው፣ ዎከሩ አይሄድበትም አለ። ሐኪሙ ካልተራመድክ እግርህ ይቀራል ብሎታል። ውሻውን ቤት ዘግቶ ከወጣ ደግሞ ጎረቤት እስኪያማርር ይጮኻል፤ ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። “መንገዱን ዘጋችሁ ማለት ወይ እግሬን ወይ ውሻዬን መረጣችሁ ማለት ነው” አለና ተቀመጠ።

አሳዘነኝ። ግን ፍርድ በኀዘን አይሰጥም ብዬ ተነሣሁ። ልጅቷ እየተረጎመች፣ ውሻው ወፎቹን ሲያባርር አይቻለሁ፣ ሕፃናት ናቸው፣ ከዓለም ጫፍ ነው የመጡት አልኩ። ሰው ሁሉ ፀጥ ብሎ ሰማኝ። እንደዚያ ተሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው አንገቱን ወደ እኔ አዙሮ አየኝ፤ በአገጩ አልነቀነቀም። እኔም ፍትሐዊ ለመምሰል፣ “ማስረጃ ካስፈለገ ካሜራ አድርጉ” ብዬ ጨመርኩ። የካውንስሏ ሴት ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሁለት ሳምንት ይታይና ይወሰናል አለች።

ካሜራውን የት እንደሰቀሉት አልጠየቅኩም። ውሻ የሚጠብቅ ካሜራ እኔን ምን አገባኝ?

ሁለተኛው ሳምንት አልቆ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምኩ ሳለ ልጅቷ ላፕቶፗን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። ፊቷ እንደ ወትሮው አይደለም።

“እትዬ፣ እስቲ ይህችን ሴትዮ ያውቋታል?”

ነጠላ የተከናነበች፣ የልጄን ጃኬት የደረበች፣ ጎንበስ ብላ እጇን የዘረጋች አሮጊት። ከኋላዋ ሰማዩ ገና መቅላቱ ነው።

“አውቃታለሁ” አልኩ። “ምን አጠፋች?”

ልጅቷ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፈችልኝ። እኔ ዞር ስል ሲጋሎቹ ይወርዳሉ። መጀመሪያ ቀን ሃያ ያህል ናቸው። በሳምንቱ ደለሏ ነጭ ሆናለች። ቁራዎቹ ከጎን ቆመው ይጠብቃሉ። ሹል ጭራዎቹ ሊያርፉ ሲመጡ ቦታ የለም፤ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣ ይሄዳሉ። በመካከሉ ሽማግሌው ያልፋል፤ ውሻው ገመድ ባይኖረውም ከዎከሩ ጎማ አይርቅም፤ ጭቃውን ዞር ብሎ አያየውም። በስምንተኛው ቀን ቀበሮ መጣ። በመጀመሪያው ፎቶ ስንዴዬን እያሸተተ ነው። በመጨረሻው ፎቶ ካሜራውን ቀና ብሎ ያያል፤ ከአፉ ጎን አንድ ቀጭን ክንፍ ወጥቷል።

ምስሩን ገፋ አድርጌ ተቀመጥኩ።

“ንፍሮ ነው” አልኳት። “ደክሟቸው መጥተው ነው ብዬ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ጨው እንኳ አላደረግኩበትም።”

“አውቃለሁ እትዬ።” ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። “እዚያ በሄድኩ በመጀመሪያው ሳምንት ከድንኳኔ ፊት አንዲት ወፍ ጎጆ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዝናብ ይመታታል፣ አትነሣም። አሳዘነችኝና ዳቦ በተንኩላት። በማግስቱ ቀበሮ ዳቦውን በልቶ፣ እንቁላሎቹንም በልቶ አገኘሁ። ያቺ አሮጊት፣ ‘ፍርፋሪ ያየ ቀበሮ ጎጆ ይፈልጋል’ አለችኝ። ሕጉን ስነግርዎት ይህንን አልነገርኩዎትም፤ አፍሬ ነው። ብነግርዎት ኖሮ አይበትኑም ነበር።”

“እኔም ብጠይቅሽ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር። ሳቅኩና ዝም አልኩ።”

ልጄ ከሥራ ገብታ ሦስታችንም ወጥ ቤት ስንመክር ልጅቷ ሐሳብ አቀረበች። “ከነገ ጀምሮ አይበትኑ። ሲጋሉም ይሄዳል፣ ወፎቹም ይመለሱ ይሆናል። ስብሰባው ላይ ምግብ የሚበትን ሰው ነበር፣ አቁሟል እላለሁ። ፊትዎ በነጠላ ስለተሸፈነ ማን እንደሆነ አይታወቅም።”

“እሱ ይሻላል” አለች ልጄ። “እማዬ፣ ካውንስሉ ፋይን ቢያደርግሽ፣ ገንዘብ ቢቀጣሽስ?”

“ያድርጉኝ።”

“እንግሊዝኛውን አታውቂው፣ ሰው ፊት…”

“ውሻ ነው ስንል ‘የአንድ ሰው ውሻ’ ብለን አላለፍንም” አልኳቸው። “በጣታችን ነው ያሳየነው። ሰውዬው ዎከሩን ይዞ እዚያው ተቀምጦ ነበር። አደባባይ ላይ የከሰስኩትን ወጥ ቤት ውስጥ አልፈታም።”

ልጄ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ታውቀኛለች።

በስብሰባው ቀን ልጅቷ ልትተረጉምልኝ ተነሣች፤ አስቀመጥኳት። ስከስ በሰው አፍ ነበር፤ ስመልስ በራሴ አፍ ይሁን ብዬ ነው። ሦስት ቀን ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር ግን ስቆም ጠፋኝ። ሽማግሌውን እያየሁ ያገኘሁትን ቃል አወጣሁ። “ዶግ ኖ” አልኩ። “ሚ። ፉድ፣ ሚ። ሲጋል ካም፣ ፎክስ ካም፣ በርድ ጎ። ዶግ ኖ። ሶሪ።” ነጠላዬን ከጃኬቴ ሥር አውጥቼ በፎቶው ላይ እንዳለው ተከናነብኩ፤ ማንም እንዳይጠራጠር።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቀም። ዎከሩን ተደግፎ ተነሣና ለካውንስሏ ሴት አንድ ነገር ተናገረ።

“ምን አለ?” አልኳት ልጅቷን።

“‘ያየችውም እውነት ነው፤ በመስከረም አንድ ቀን ውሻዬ አምልጦኝ ጭቃው ላይ ሮጧል። አልተናገርኩም ነበር’ አለ።”

በፍትሕ ሊበልጠኝ ነው እንዴ ብዬ ትንሽ ከፋኝ።

የካውንስሏ ሴት እዚያው ወሰነች። መንገዱ አይዘጋም። ለወፍ ምግብ መበተን ክልክል ነው፣ ሰሌዳ ይተከላል። እኔን ፋይን አላደረጉኝም፤ እንደገና ካየን ግን እንቀጣለን አለች። ውሻ ሁሉ በገመድ ይያዝ፣ ያለ ገመድ የተገኘ ከዚያ መንገድ ይታገዳል። ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ሽማግሌው ግን ወደ ሁለት እጆቹ እያየ ነበር። ዎከሩ ሁለቱንም ይዟቸዋል። አንድ ሰው ገመዱን ከዎከሩ ጋር እሰረው አለው። ሞክሬው ውሻው ሲስብ ወድቄያለሁ አለ። መንገዱ ተከፍቶለት እሱ ግን ሊሄድበት አይችልም።

“አይ ሆልድ” አልኩ፤ ገመዱን እኔ ልያዝ ማለቴ ነው። ሳላስበው ነው የወጣው።

ልጅቷ እጄን ጎተተችኝ። “እትዬ፣ ውሻ እኮ ነው።”

“አይቼዋለሁ።”

“ቤተ ክርስቲያኑስ? ልብስዎ ቢነካካስ?”

“እሑድ አንቺ ትይዢዋለሽ።”

ሽማግሌው ምን እንደተባባልን ጠየቃት፤ ነገረችው። ያኔ ሳቀ፤ ጥርሱ ጥቂት እንደሆነ ያኔ አየሁ።

ልጅቷ የእነዚያን ሳምንታት ቆጠራ ከትምህርቷ ማውጣት ነበረባት። ለአስተማሪዋ ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜ፣ “የእኔን ስም ጻፊ” አልኳት። “ስም አይጻፍም፤ ‘የአካባቢው ነዋሪ’ ነው የሚባለው” አለችኝ። የዓመት ሥራዋ ላይ ቀዳዳ አበጅቼባት አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። እኔ ብሆን እናገር ነበር።

ሲጋሎቹ ቶሎ አልሄዱም። ባዶ እጄን አይተውም ከአንድ ሳምንት በላይ ጠበቁኝ፤ በላዬ እየዞሩ ይጮኹ ነበር። የለመደ ሁሉ እንዲህ ነው። ቀበሮው ሁለት ጠዋት ታይቶ ጠፋ። በታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጥቂት ሹል ጭራዎች ደለሏ ጫፍ ላይ አረፉ፤ ቀይ ዳማ አናት ያላቸው ከመካከላቸው ነበሩ። የተበላው እንደማይመለስ አውቃለሁ። የቱ እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሦስት ሆነን እንሄዳለን። እኔ ቢጫ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አድርጌ ገመዱን በተዘረጋ ክንዴ እይዛለሁ፤ ሽማግሌው በጓንቱ መቀለድ ትቷል። ስለ ወፎቹ አገር በእኔ እንግሊዝኛ ነግሬዋለሁ፤ መሬቱ ከሥር አይስ ነው፣ ላዩ ውሃ ነው፣ ትንኙ እንደ ጭስ ነው፣ እናት ቀድማ ትሄዳለች። “ለምን?” አለኝ። “ምግቡን ለልጆቹ ለመተው ይሆናል” አልኩት፤ ጠይቄያቸው እንደሆነ አልጠየቀኝም። በዚያው ሰሞን ጠዋት ሙቀቱ ከፍ ብሎ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ከባሕር የሚመጣው ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር። ኩሬዎቹ ከዳር ከዳር እየደረቁ ጨው አውጥተዋል። እዚያ አላስካም ኩሬው እንዲህ እየደረቀ ነው አለኝ ሽማግሌው፤ ከልጅቷ ጋር እሑድ እሑድ ስለሚሄድ ብዙ ነገር ያውቃል።

ደለሏ ጋ ስንደርስ እሱ ዎከሩ ላይ ባለችው ወንበር ይቀመጣል። ትናንት ማዕበሉ ሞልቶ ወፎቹ ተጠጋግተው ነበር። አንዷ ከመካከላቸው ወጥታ ወደ መንገዱ ቀረበችና ጭቃውን ወጋ ወጋ አደረገች። ውሻው ጆሮውን አቁሞ ብድግ አለ፤ ገመዱ ተወጠረ። “ተቀመጥ” አልኩት። ተቀመጠ። ወፏም መብላቷን ቀጠለች።